ሳትጠየቅ የሰጠኸው አሻራ

ወገን፣ ዛሬ ስለ ፖለቲካው ሳይሆን ፖለቲካውን ስለምትከታተልበት ስልክ እናውራ። "አንተ" እያልን ብንጽፍም እህቴ፣ ለአንቺም ነው።

ፋይዳ የተመዘገበ ሰው ሂደቱን ያውቀዋል። ወረፋ ትይዛለህ፣ ተራህ ሲደርስ አሥሩንም ጣቶችህን መሣሪያው ላይ ታሳርፋለህ፣ የዓይንህ ብሌን ይነሳል፣ ፊትህም ይነሳል። ወደድከውም ጠላኸውም ጠይቀውህ ነው፤ መስጠትህን ታውቃለህ። ኢንተርኔት ላይ ግን ሌላ አሻራ አለህ። ወረፋ የለውም፣ ፎርም የለውም፣ "ይፈቀዳል ወይ?" የሚልህም የለም። ድረ ገጽ በከፈትክ ቁጥር ብራውዘርህ ራሱ ይሰጥልሃል። (ችግኝ የሚተከልበት አሻራም አይደለም፤ እሱ ቢያንስ "ጸደቀ ወይ?" ተብሎ ይጠየቃል።)

የየካቲት 2015ን ነገር ታስታውሳለህ። በቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ሀገር ሲናወጥ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ተዘጉ፤ እስከ ሐምሌም እንደተዘጉ ቆዩ። በእነዚያ ወራት ቪፒኤን የማያውቅ ወጣት ጠፋ። ሰበታ ባለሱቁ፣ ቡራዩ የታክሲው ረዳት፣ ሱሉልታ ተማሪዋ፣ ሁሉም ጫነ። ጥሩ ነበር፤ የተዘጋ በር ከፈተልን። ግን አንድ መጥፎ እምነት ትቶብን አለፈ፦ "ቪፒኤን ካበራሁ ማንም አያየኝም" የሚል።

ያያል እንጂ! ቪፒኤን የሚቀይረው የመጣህበትን መንገድ ነው፤ መልክህን አይነካውም። በቡራዩ በኩል ወደ ገበያው የምትገባ ሰውዬ ዛሬ በሰበታ ዞረህ ብትገባ፣ ያው ጃኬት፣ ያው አረማመድ፣ ያው ጠባሳ ይዘህ ነው የገባኸው። የሚያውቅህ ነጋዴ በየት በኩል መጣህ ብሎ አይጨነቅም። "ኢንኮግኒቶ" የሚሉትም እንደዚያው ነው። እሱ የሚደብቅህ ስልክህን ከሚነካካው ታናሽ ወንድምህ እንጂ ከከፈትከው ገጽ አይደለም።

አሠራሩ ይሄ ነው። ገጹ ሲከፈት ከጽሑፉና ከፎቶው ጋር አንዲት ትንሽ ፕሮግራም አብራ ትመጣለች። ብራውዘርህን ትጠይቀዋለች፦ የስክሪኑ ስፋት ስንት ነው? ቋንቋው ምንድን ነው? የሰዓት ክልሉ የት ነው? ፕሮሰሰሩ ስንት ኮር አለው? የግራፊክስ ቺፑ የማን ነው? የትኞቹ ፎንቶች ተጭነዋል? አብዛኞቹ ጥያቄዎች ገጹን በትክክል ለማሳየት ሲባል የተፈቀዱ ስለሆኑ ብራውዘሩ ለመመለስ አያንገራግርም። ከዚያ ረቀቅ ያለው ይመጣል። ካንቫስ በሚባለው ዘዴ ፕሮግራሟ "ይህን ጽሑፍና ይህን ቅርጽ ሳልልኝ" ትለዋለች፤ ሥዕሉ አንተ በማታየው ቦታ ይሳላል። ትእዛዙ አንድ ቢሆንም እንደ ቺፑ፣ እንደ ሶፍትዌሩ ስሪትና እንደ ፎንቱ፣ በፊደሉ ጠርዝ ላይ ለዓይን የማይታይ የቀለም ልዩነት ይወጣል። ያ ልዩነት ወደ ቁጥር ይቀየራል። በድምፅም ይሠራል፤ ስልክህ አንዲት ድምፅ ሳያሰማ የድምፅ ስሌት እንዲያሰላ ይታዘዛል፣ ውጤቱ ከሌላው ስልክ በጥቂቱ ይለያል። ሁሉም መልስ አንድ ላይ ሲደመር አሻራ ይሆናል።

ይሄ ከኩኪ የሚለየው በአንድ ትልቅ ነገር ነው። ኩኪ አንተው ስልክ ውስጥ ስለሚቀመጥ ታጠፋዋለህ። አሻራው ግን አንተ ጋ የለም። የምታጠፋው ነገር ሳይኖር፣ ነገ ስትመለስ እንደገና ተለክተህ "ያ ትናንት የመጣው ነው" ትባላለህ።

"ሺህ ቴክኖ ባለበት ሀገር የእኔን እንዴት ይለየዋል?" ካልክ ጥያቄህ ትክክል ነው፤ ሒሳቡን እንየው። አንድ የ"አዎ ወይም አይደለም" መልስ የሰዎችን ብዛት በግማሽ ይቀንሳል። ሁለተኛው ያንን ግማሽ እንደገና ያጋምሳል። እንዲህ እያልክ ብትሄድ 27ኛው ጥያቄ ላይ ከ134 ሚሊዮን ሰዎች አንዱን ነጥለህ ታወጣለህ። የሀገራችን ሕዝብ ያን ያህል ግድም ነው። ሃያ ሰባት ጥያቄ ብቻ! ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የተባለው የአሜሪካ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ጥናት 470,161 ብራውዘሮችን ለክቶ 83.6 በመቶዎቹ አምሳያ የሌላቸው ሆነው አግኝቷል። ያኔ ጥናቱ ላይ የተሳተፉት በአብዛኛው ለጉዳዩ ንቁ የሆኑ ሰዎች ስለነበሩ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 በፈረንሳይ በአንድ ትልቅ ድረ ገጽ ላይ ከ2 ሚሊዮን በላይ አሻራ ተሰብስቦ ሲጠና አምሳያ የሌለው 33.6 በመቶ ሆነ። ለእኛ የሚጠቅመው ግን ዝርዝሩ ነው፦ ከኮምፒውተሮቹ 35.7 በመቶው ለብቻው ተለይቶ ሲታወቅ፣ ከሞባይሎቹ ግን 18.5 በመቶው ብቻ ነው። ለምን? ስልክ እንደ ጡብ ነው፤ አንድ ሞዴል በሺህ የሚቆጠር ሰው እጅ አለ፣ ፎንት አትጨምርበትም፣ ስክሪኑን አትለጥጠውም። ላፕቶፕ ግን ሁሉም እንደየጠባዩ ያስጌጠዋል።

እዚህ ላይ የእኛ ጉዳይ ይመጣል። ላፕቶፕህ ላይ ፓወር ግዕዝ አለ፣ ቪዥዋል ግዕዝ አለ፣ ለባነርና ለፖስተር ያወረድካቸው ሌሎች የግዕዝ ፎንቶችም አሉ። አሜሪካ ባለ ሰው ኮምፒውተር ላይ እነዚህን ማግኘት መርፌን ከጭድ ክምር እንደመፈለግ ነው። ስለዚህ ቪፒኤንህ "ጀርመን ነኝ" እያለ ፎንቶችህ "ኢትዮጵያዊ ነኝ፣ ያውም ፖስተር የምሠራ" ይላሉ። ስልክህን ወደ አማርኛ ቀይረኸው ከሆነም ብራውዘርህ በየደረሰበት ሁሉ የቋንቋ ምርጫህን ገና ሳይጠየቅ ይናገራል። የሰዓት ክልልህም ያው አዲስ አበባ ነው። ቪፒኤን ከፍቶ ፍራንክፈርት ደርሶ በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓትና በአማርኛ የሚሄድ ብራውዘር፣ ልሙጡን ሰንደቅ ለብሶ እንግዳ ነኝ እንደሚል ሰው ነው።

ሌላ የተዛባ ነገር አለ። ብዙ ሰው የሚፈራው አይፒን ነው። በሞባይል ዳታ ስትጠቀም ግን አንድን የአደባባይ አይፒ ከብዙ ደንበኞች ጋር ትጋራለህ፤ ቦታውን ብታየውም ብዙ ጊዜ "አዲስ አበባ" ይላል። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃለው መታወቂያችን ቢቀየርም በአይፒው ሁላችንም አዲስ አበቤ ነን። ለጊዜው እንደሰትበት! አይፒው ከጎረቤትህ ጋር ሲያመሳስልህ፣ ከጎረቤትህ ነጥሎ የሚያወጣህ አሻራው ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ነው ነገሩ የሚከፋው።

ማን ነው የሚፈልገው? አንደኛው ነጋዴው ነው። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2019 ይህን ዘዴ ራሱ ነቅፎት ነበር፤ ተጠቃሚው ሊያጠፋው አይችልም፣ ስለዚህ ልክ አይደለም ብሎ። ከየካቲት 2017 ጀምሮ ግን ለማስታወቂያ ደንበኞቹ ያወጣውን ክልከላ አላላው። የእንግሊዝ የመረጃ ጥበቃ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በግልጽ ወቅሶታል። እኛ ሀገርም በ2016 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መብትን ደንግጓል። ወረቀቱ አለ። ሥራ ፍለጋ የከፈትከው ገጽ ስንት ሌላ ድርጅት ጀርባው ላይ እንደጫነ ግን ማንም ጠይቆት አያውቅም፤ ሲቪህን ከማስገባትህ በፊት አሻራህ ገብቷል።

ሁለተኛው፣ ኮሜንት ሥር ሊንክ የሚጥልልህ ነው። "ይህን ጉድ ተመልከቱ" ይልሃል፤ ስትነካው ባዶ ገጽ ወይም ተራ ዜና ይከፈታል፣ በመሃል ግን አይፒህን፣ የስልክህን ዓይነት፣ ብራውዘርህንና ሰዓትህን መዝግቦ አሳልፎሃል። እንዲህ የሚሠሩ ነጻ አገልግሎቶች ሞልተዋል፤ ለመጠቀም የኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ አይጠይቁም። ከእኛ ጋር ጸብ ያለው ማንም ጎረምሳ ያደርገዋል።

ሦስተኛውን ታውቀዋለህ፤ ታሪክም አለው። በግንቦት 2004 የቶር ፕሮጀክት ሰዎች ኢትዮጵያ ውስጥ ቶር መቆሙን አሳወቁ። የተዘጋው አድራሻ እየተለቀመ አልነበረም። ኢትዮ ቴሌኮም መስመር ላይ የገባው መሣሪያ የሚያልፈውን ትራፊክ እየመረመረ፣ ቶር ግንኙነት ሲጀምር የሚለዋወጠውን የመጀመሪያ ሰላምታ በመልኩ ያውቀው ነበር። ይዘቱ የተመሰጠረ ነው፣ ማንም አያነበውም፤ ግን አረማመዱ ከሌላው ስለሚለይ ተያዘ። መታወቅ ማለት መነበብ ብቻ አይደለም፤ ከሌላው መለየት ይበቃል። ያኔ መፍትሔ የሆነውም ቶር ሰላምታውን እንደሌላው ተራ ትራፊክ ማስመሰሉ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ከአሻራ የከፋ ነው፤ በቀጥታ ኮምፒውተር ውስጥ የሚገባ የስለላ ሶፍትዌር። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲቲዝን ላብ በመጋቢት 2005 ባወጣው ሪፖርት የግንቦት 7 ሰዎችን ፎቶ እንደ ማጥመጃ የሚጠቀም ፊንፊሸር የተባለ ሶፍትዌር ማግኘቱን፣ የሚዘግበውም ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ አገልጋይ ኮምፒውተር እንደነበር ገለጸ። በየካቲት 2006 ደግሞ በውጭ ያሉ የኢሳት ሠራተኞች ሃኪንግ ቲም በተባለ የጣሊያን ኩባንያ መሣሪያ መጠቃታቸውን አወጣ። በኅዳር 2010 ሌላ መጣ፤ ሳይበርቢት የተባለው የእስራኤል ኩባንያ ሶፍትዌር የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክን ጨምሮ በውጭ ያሉ ተቃዋሚዎች ላይ ተነጣጥሮ ነበር፤ የሚላከው ሊንክ የቪዲዮ ገጽ አስመስሎ "ፍላሽ ማጫወቻህን አድስ" ይል ነበር። ይህ የመጨረሻው የመጣው በእነዚሁ ከተሞች ምክንያት ነው ማለት ይቻላል፦ ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ከአዲስ አበባ ጋር ያያይዛል የተባለው ማስተር ፕላን በ2006 እና በ2008 ካስነሳው ተቃውሞ በኋላ። አንዱን የአንድነት ኃይል፣ አንዱን የኦሮሞ ተቃዋሚ እያልን የምንከራከርባቸው ሁለቱም ወገኖች የስለላ ሶፍትዌር ዒላማ ነበሩ። መሣሪያው ብሔር አይጠይቅም። ይህን ገጽ የሚከታተል ሁሉ ልብ ይበል።

ራስን መጠበቅ መማር በራሱ ክስ ሆኖም ያውቃል። በሚያዝያ 2006 የታሰሩት የዞን ዘጠኝ ጦማሪያን የክስ ወረቀት ላይ የኢንተርኔት ደኅንነት ሥልጠና መውሰዳቸው ተጠቅሶ ነበር። ክሱ በሽብር ነው። የተወሰኑት በሐምሌ 2007 ተለቀቁ፣ የቀሩትን ፍርድ ቤት በጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነጻ አላቸው፤ ያለፈው ጊዜ ግን አልተመለሰላቸውም። ስለዚህ "የምደብቀው ነገር የለኝም፣ ምን አስፈራኝ" የምትለኝን አልቀበልም። እነሱም የጻፉት በአደባባይ፣ በስማቸው ነበር።

ወደ መፍትሔው እንሂድ። መጀመሪያ ራስህን ለካ፦ "ከቨር ዩር ትራክስ" የሚባል የዚያው የአሜሪካ ተቋም ነጻ መፈተሻ አለ፤ በምትጠቀምበት ብራውዘር ከፍተህ አንዴ ተጫን፣ ምን ያህል የተለየህ እንደሆንክ ይነግርሃል። ከዚያ ቪፒኤን አብርተህ ድገመው። አሻራው ያው መሆኑን በዓይንህ ስታይ የእኛን ጽሑፍ ማመን አያስፈልግህም።

ክሮምን ብቻ የምትጠቀም ከሆነ ብሬቭን ጨምር። ብሬቭ ምንም ሳትነካካው፣ ካንቫሱንና ድምፁን በየገጹ በጥቂቱ እያዛባ ይመልሳል፤ አንዱ ገጽ የለካህ አሻራ ከሌላው ገጽ ጋር አይገጥምም። ፋየርፎክስን ከመረጥክ ጥበቃውን ወደ ጥብቁ ደረጃ አድርገውና ዩብሎክ ኦሪጅን የተባለውን ማገጃ ጫንበት፤ ፋየርፎክስ በአንድሮይድም ይቀበለዋል፣ ክሮም በስልክ አይቀበልም። ማገጃው ፕሮግራሟ ከነጭራሹ እንዳትወርድ ስለሚያደርግ ዳታም ይቆጥብልሃል። የካርዱን ዋጋ ለምታውቅ ይሄ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

ግን አታብዛ። አንዳንዱ ልጅ ጉዳዩን ሲሰማ አሥር ማገጃ፣ አምስት መደበቂያ ይጭናል፤ ላፕቶፑን "አይፎን ነኝ" የሚያስብል ተጨማሪም ይፈልጋል። ይሄ በጣም የሚጎዳው ነው። ስክሪኑና ቺፑ የላፕቶፕ ሆኖ "አይፎን ነኝ" የሚል ብራውዘር በዓለም ላይ ስንት ነው? ብቻህን ቆምክ ማለት ነው። የዚህ ነገር ብልሃት መለየት ሳይሆን መመሳሰል ነው፤ ለእኛ ዓይነት "ማንነቴን አልደብቅም" ለሚል ትውልድ ይከብዳል፣ ግን እንዲያ ነው። ቶር ብራውዘር የተሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው፦ ተጠቃሚው ሁሉ አንድ ዓይነት መልክ እንዲኖረው። ለዚህ ነው መስኮቱን እንደፈለግህ ብትለጥጠው እንኳ ገጹን በተወሰነ ልክ ብቻ የሚያሳይህ፣ ተጨማሪ ነገር አትጫንበት የሚልህም ለዚህ ነው። በስልክም አለ። ቀርፋፋ ነው፤ ካልተገናኘልህ ብሪጅ የሚለውን ቅንብር ተጠቀም። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ቶር ውስጥ ገብተህ በስምህ ፌስቡክ አትክፈት። ጭምብል አድርጎ ስሙን ጮክ ብሎ እንደሚናገር ሰው መሆን ነው።

ቀላሉና ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ኑሮን መከፋፈል ነው። በስምህ የምትገባባቸው፣ ማለትም ባንክ፣ ፌስቡክ፣ ኢሜይልና የሥራ ማመልከቻ፣ በአንድ ብራውዘር ይሁኑ። ማንበብና መፈለግ በሌላ። ሁለተኛውን ሳትገባበት ተጠቀምበት። እግረ መንገድህን ፌስቡክና ቴሌግራም ሊንክ ስትነካ በራሳቸው ውስጥ የሚከፍቱትን ብራውዘር ከቅንብሩ ግባና በውጭ ብራውዘር እንዲከፍት አድርገው። ያ የውስጥ ብራውዘር ብዙ ጊዜ የስልክህን ሞዴል እስከ ስሪት ቁጥሩ ለገጹ ይናገራል፤ በላዩ ላይም አፑ ራሱ ምን እንደምታደርግ ማየት ይችላል።

ኦፔራ ሚኒን ስለምትወዱት፦ ዳታ በጣም በሚቆጥበው ደረጃ ሲሠራ ገጹ መጀመሪያ ኦፔራ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ ተጨምቆ ነው የሚመጣልህ። ስለዚህ ገጹ አንተን በደንብ አይለካህም፣ ኦፔራ ግን ሁሉንም ያያል። ዜና ለማንበብ ይሁን፤ የይለፍ ቃል አታስገባበት። ነጻ ቪፒኤንም እንደዚያው ነው፤ ገንዘብ ካላስከፈለህ የሚሸጠው ሌላ ነገር አለውና ማን እንደሠራው ሳታይ አትጫን።

ይህ ሁሉ የማያድንህም አለ። ሲም ካርድህ በስምህ ነው፤ ስልክህ የትኛው አንቴና ሥር እንዳለ ቴሌም ሳፋሪኮምም ያውቃሉ፣ ብሬቭ ይህን አይነካውም። በስምህ ገብተህ የለጠፍከውን ለማወቅም አሻራ አያስፈልግም። ኬላ ላይ ስልኩን ክፍቱን ለተቀበለህ ሰውም ቶር መልስ የለውም። ይህን የጻፍነው በሐሰተኛ አካውንት ሰው እንድትሰድብ ወይም ያልተጣራ ወሬ እንድትነዛ እንዳልሆነም እናስታውስ፤ እንዲያ ላለው ከዚህ ገጽ ራሳችን እናስወጣዋለን።

አንድ ጥያቄ ይቀራል፦ አማርኛው አሻራችንን የሚያጋልጥ ከሆነ ስልካችንን ወደ እንግሊዝኛ እንመልሰው? እኛ አንልም። በአማርኛ የሚሄድ ብራውዘር ጎልቶ የሚታየው ጥቂት ስለሆነ ነው። አሥር ሰው ሲሆን እያንዳንዱ ይታያል፤ አሥር ሚሊዮን ሲሆን ማንም አይታይም። ስለዚህ ዋናው ስልክህ አማርኛ ይሁን፣ የአባትህንና የእናትህንም ቀይርላቸው፣ ብዛታችን ይጨምር። ጥንቃቄ ለሚፈልገው ንባብ የለየኸው ሁለተኛው ብራውዘር ብቻ፣ ለጊዜው፣ በእንግሊዝኛ ይቆይ። ላፕቶፕ ላይም የፖስተር ፎንቶችህን የማትፈልጋቸው ከሆነ አውርዳቸው፤ ከኮምፒውተሩ ጋር የመጡት ለንባብ ይበቃሉ።

በእኛ በኩል ከዚህ ሳምንት ጀምሮ የምንለጥፈው ሊንክ ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ያለው መከታተያ ጭራ ተቆርጦ ነው የሚወጣው፤ ፌስቡክ በየሊንኩ ላይ የሚቀጥለው ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ማን ከየት እንደነካው መለያ ነው። እናንተም ስታጋሩ ቁረጡት፤ ገጹ አብዛኛውን ጊዜ ያለ እሱ ይከፈታል። ኮሜንት ላይ ደግሞ መድረሻው የማይታይ አጭር ሊንክ የሚጥል ሰው ካለ እናጠፋለን። ያያችሁም አትንኩት፣ ስክሪንሾት አንስታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልን።